የሳልቮር ሃምሳ ሴኮንድ

ሳልቮር ሃልስዶቲር ዝምታ አትወድም። የራሷን ዝምታ ማለቴ አይደለም፤ ብቻዋን ስትሆንማ ሹራቧን እየሠራች ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ ሳትል ትውላለች። የማትወደው፣ ሰው አንድ ነገር ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ድረስ የሚውጠውን ባዶ ዝምታ ነው። «ሰውን አቁሞ ዝም ማለት በር ከፍቶ መልሶ እንደመዝጋት ነው» ትላለች። ይህን ጠባይ ያተረፈችው ከሥራዋ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ ሰባት ዓመቷ ድረስ በሰሜን አይስላንድ፣ በቫትና ሸለቆ፣ የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራለች።

በዚያን ጊዜ የሸለቆው አርባ ሦስት ቤት የሚጠቀመው በአንድ ሽቦ ነበር። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጥሪ አለው፤ ለቱንጋ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፤ ለስካርድ ሦስት አጭር። ደወሉ ግን በሁሉም ቤት ነው የሚጮኸው። ስካርድ ሲጠራ ሸለቆው በሙሉ ይሰማል፣ ሰምቶም ዝም አይልም፣ ሸለቆው በሙሉ ቀስ ብሎ ስልኩን ያነሣል። የሰው ወሬ ማድመጥ ነውር ነው ሲል የሚውለው ሰው ሁሉ እሱም አድማጭ ነበር። ሳልቮር ይህን ሁሉ ታውቃለች። አንድ ሰው ደውሎ፣ ሁሉ በሚጠራት የቁልምጫ ስሟ፣ «ሳላ፣ እንስሳት ሐኪሙን ፈልጊልኝ» ሲላት «እየፈለግኩት ነው፣ ሳገኘው እነግርሃለሁ» ትለዋለች። ይህን ካለች ሽቦው ለሌላ ሰው መለቀቅ አለበትና ጠያቂው ስልኩን ዘግቶ የራሱ ጥሪ እስኪሰማ አጠገቡ ይቀመጣል። ወግ ነው። ማንም አጉረምርሞ አያውቅም፤ ሳላ አገኛለሁ ካለች ታገኛለችና።

አሁን ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ማዞሪያው ከተዘጋ ወዲህ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠርታ፣ በሃምሳ ዓመቷ ኮምፒውተር ተምራ፣ ዛሬ የሃምራር ዘሮችን ድረ ገጽ የምትጠብቀው እሷ ናት። ሃምራር ድሮ ኬቲልና ጉድፊና የሚባሉ ባልና ሚስት ዘጠኝ ልጅ ያሳደጉበት እርሻ ነው። ዘሮቻቸው በየጥቂት ዓመቱ በጋ ላይ ይሰበሰባሉ። በዚያን ቀን ሁሉም የቤቱን ቀለም ደረቱ ላይ ይለጥፋል፤ የትልቁ ልጅ ዘር ቀይ፣ የሁለተኛዋ ሰማያዊ፣ እንዲህ እያለ እስከ ዘጠኝ። ቢጫ ቢጫን ሲያይ ይተቃቀፋል፤ አረንጓዴ ቀዩን «እናንተ እኮ ድሮም ዘፈን አትችሉም» ብሎ ይተርባል። ደስ ይላል፣ ምን አለፋችሁ።

ማን የማን እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ ቶርጊልስ ነው። የሳልቮር አባት ወንድም፣ የቱንጋ እርሻ ሰው፣ ሰማንያ ስምንት ዓመቱ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከበግ ጥበቃው በተረፈው ሰዓት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ እያገላበጠ ሠላሳ ሺህ ስም በካርድ ላይ ጽፏል። ዛሬ የሚኖረው አረጋውያን ቤት ነው። ባለፈው ክረምት ሳንባው ሁለቴ ታሞ ሁለቴም ለጥቂት ተርፏል። በግንቦት ሳልቮር ልትጠይቀው ስትሄድ እጇን ያዝ አድርጎ፣ «ዘመዴ፣ ከዘንድሮው ሌላ የሚቀጥለውን ስብሰባ አላየውም» አላት።

«ደሞ ጀመረህ!»

«አታቋርጪኝ። እነዚህን ሰዎች ሃምሳ ዓመት በወረቀት ላይ ነው የማውቃቸው። የልደት ቀናቸውን አውቃለሁ፣ መልካቸውን ግን አላውቅም፤ በጎቼን ትቼ አንድም ስብሰባ አልመጣሁ። አንዴ ብቻ ሁሉንም በአንድ ቤት ውስጥ ልያቸው።»

አንጀቷን በላት። «ታያቸዋለህ» አለችው። ሳልቮር ደግሞ ተናግራ የምትቀር ሰው አይደለችም።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው አንድ ረቡዕ ነው። ስብሰባው የሚደረግበት አዳራሽ ኃላፊ ኤይቪንዱር ደወለ። ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ነገር ማስረዘም አይችልበትም።

«ሳላ፣ ስንት ሰው ተመዘገበ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ለአሥራ ሁለት ሰውማ የእኔ ሳሎንም ይበቃዋል። ስሚኝ፣ የፈረስ ጋላቢዎች ማኅበር ለስብሰባችሁ ቀን፣ ለዚያው ለሐምሌው ቅዳሜ፣ አዳራሹን እየለመነኝ ነው። እስከ ዓርብ ቀትር ሰማንያ ካልሞላ እሰጣቸዋለሁ።»

«ፈረሶቹን ነው ወይስ ሰዎቹን የምታስገባው?»

«ሳላ፣ እየቀለድኩ አይደለም።»

ስልኩ ሲዘጋ የቶርጊልስ ፊት ድቅን አለባት። ሰው ጠልቶን ነው? ብላ ድረ ገጹን ከፍታ የጎብኚዎቹን ዝርዝር ስታይ ግን ሌላ ጉድ ጠበቃት። መቶ አርባ ሦስት ሰው መጥቷል! መቶ አርባ ሦስት ሰው ስሙንና የልደት ቀኑን አስገብቷል። ከእነዚህ ውስጥ ድረ ገጹ ዝምድናቸውን ፈልጎ ሲጨርስ የሚወጣው «እመጣለሁ» የሚለው ቁልፍ ጋ የደረሱት አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩትን ምን ዋጣቸው?

የራሷን ስም አስገብታ ተጫነች። ገጹ ነጭ ሆነ። ነጭ እንደሆነ ቀረ። ቃል የለ፣ ምልክት የለ፣ በረዶ የተኛበት ሜዳ። ደግማ ተጫነች። ሦስተኛም አለች። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አልቆ ሬይክያቪክ ለምትሠራው ልጇ ለኮልፊና ደወለች። ድረ ገጹን የሠራችው ኮልፊና ናት።

«እማ፣ ስንቴ ተጫንሽው?»

«ሦስቴ።»

«በተጫንሽው ቁጥር እኮ ፍለጋው ሀ ብሎ ነው የሚጀምረው! ሠላሳ ሺህ ካርድ ነው የሚያገላብጠው፤ ከአንቺ ተነሥቶ ኬቲልና ጉድፊና ድረስ ይወጣል፣ ከዚያ ወርዶ ከተመዘገበው ሰው ሁሉ ጋር ያዛምድሻል። ሃምሳ ሴኮንድ ይፈጅበታል። ደጋግመሽ ስትጫኚ ደሞ ይብስበታል።»

«እና ሃምሳ ሴኮንድ ሙሉ ነጭ ነገር ላይ ላፍጥጥ? አንቺ ልጅ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩሽ?»

«አፋጥነዋለሁ አልኩሽ እኮ፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ በሁለት ቀን የሚያልቅ አይደለም» አለች ኮልፊና እየሳቀች። «ለጊዜው የሚጠብቁበት መልእክት እናድርግበት። ቦታውን አዘጋጅልሻለሁ፣ ቃሉን አንቺ ጻፊው። ሰው አፍ ላይ የሚቀመጥ ነገር አንቺ ነሽ የምትችዪው።»

ኮልፊና ቦታውን አዘጋጀች። ሳልቮር ሹራቧን አስቀምጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በቀን መቶ ጊዜ ትለው የነበረውን ነገር ሳታስበው ጻፈችው፤ «ሳልቮር ነኝ። እየፈለግኩ ነው፣ ሳገኝ እነግራችኋለሁ።» አንብባ ወደደችው። ባዶው ነጭ ገጽ አሁን አፍ አወጣ። ያን ቀን በደስታ አጃ ዳቦዋን በተጨሰ በግ ሥጋ በላች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዝርዝሩን ከፈተች። ተጨማሪ ሠላሳ ስምንት ሰው መጥቷል። የተመዘገበው ስንት ነው? አሥራ ሦስት! የተጨመረው አንድ ብቻ! ሠላሳ ሰባቱ ፍለጋው ሳያልቅ ገጹን ዘግተው ሄደዋል፤ ያውም ከበፊቱ ቶሎ ብለው፣ መልእክቱን እንዳነበቡ። ሳልቮር ወንበሯ ላይ ኩምሽሽ አለች። ያን ሁሉ ዓመት በድምፄ ሰው ይረጋ ነበር፣ አሁን ስሜን ሲያይ ይሸሻል ማለት ነው? ብላ ከልቧ አዘነች። ለቶርጊልስ ምን ብላ እንደምትነግረው እያሰበች ሳለ ስልኩ ጮኸ።

ቴክላ ናት፣ የስካርዷ ቴክላ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሽቦው ዘመን ቴክላን በአድማጭነት የሚያህላት አልነበረም፤ አንድ ነገር በሸለቆው እንዲሰማ የፈለገ ሰው «ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ ለእሷ ይነግራት ነበር።

«ሳላ፣ ሆዴ፣ አልቸኩልሽም» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቸኩሏል። «ብቻ መቼ ገደማ እንደምትደውዪልኝ ብትነግሪኝ።»

«ምን ብዬ ነው የምደውልልሽ?»

«ምን ብዬ ትለኛለች እንዴ! ትናንት ስሜን አስገባሁ። እየፈለግኩ ነው፣ ሳገኝ እነግራችኋለሁ አልሽኝ። ዘጋሁልሽ። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ስልኩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሽንት ቤት እንኳ የምሄደው በሩጫ ነው! ጎረቤቴ ቢያርኒም እየጠበቀ ነው። እሱማ ጆሮው ስለማይሰማ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የተቀመጠው፣ ሲንቀጠቀጥ እንዲያውቅ።»

ሳልቮር መጀመሪያ አፏን ያዘች። ቀጥሎ ሳቅ ከየት እንደመጣባት አታውቅም፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች። ወይ ጉድ! ሰው ሸሽቷት አይደለም ለካ። ታዟት ነው! ሠላሳ ሰባት ሽማግሌና አሮጊት፣ ማዞሪያው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፣ ድምፅዋን በጽሑፍ አይተው እንደ ድሮው ለሌላው ሽቦውን ለቀው፣ ጥሪያቸው እስኪሰማ ቁጭ ብለዋል።

«ምን ያስቅሻል?» አለች ቴክላ ቅር ብሏት።

«ቴክላ፣ የኔ ውድ፣ ኮምፒውተሩ እኮ አይደውልም። ገጹን ሳትዘጊ መጠበቅ ነው።»

«ታዲያ ለምን እነግራችኋለሁ አልሽ?»

እውነቷን ነው። ሳልቮር ቀና አለች። ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሄደ። በፍሬም የተሰቀለ ቢጫ ወረቀት አለ፤ የአርባ ሦስቱ ቤት ጥሪ ዝርዝር ነው፣ በራሷ የወጣትነት እጅ የተጻፈ። ከሥሩ የድሮው የእንጨት ስልክ፣ እጀታው የሚሽከረከረው፣ ለጌጥ ተቀምጧል። ሳቋ ቆመ።

«ለምን አይደውልም?» አለች ለራሷ። ከዚያ ለቴክላ፣ «ስሚ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ ግን በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።»

«ኧረ እኔ ምን አፍ አለኝ!» አለች ቴክላ፣ ጆሮዋ ሲቆም በስልክ እንኳ ይታወቃል።

ሳልቮር የእንጨቱን ስልክ እጀታ አዙራ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር ጥሪ በሞባይሏ ቀድታ ለኮልፊና ላከች። ዝርዝሩንም ፎቶ አንሥታ ላከች። ኮልፊና መጀመሪያ «እማ፣ ደኅና ነሽ?» አለች። ነገሩ ሲገባት ግን የቢሮ ሥራዋን ገፋ አድርጋ ቁጭ አለች፤ እናቷን ነው የወጣችው። ገጹ ፍለጋውን ሲጨርስ የሰውየው ቤተሰብ የኖረበትን እርሻ ያውቃል። ስለዚህ መልሱ ሲወጣ የዚያ እርሻ ጥሪ ይጮሃል። ሳልቮርም መልእክቱን ከሥሩ ቀየረችው። አሁን አንድ ቃል ብቻ አይደለም፣ በየአሥር ሴኮንዱ ይቀጥላል፤

«ሳልቮር ነኝ። እንዳትዘጉ! ሽቦው ላይ ቆዩ።

አያቶቻችሁ ጋ ደርሻለሁ። ሰላም ብለዋችኋል።

ቅድመ አያቶቻችሁ ጋ ነኝ። የቄሱ ጽሕፈት አይነበብም፣ ቆይ መነጽሬን ላድርግ።

ምንጅላቶቻችሁን አለፍኩ። አሁንም እዚሁ ነኝ።

ሃምራር በር ላይ ነኝ። ጥሪያችሁን ስትሰሙ ተገኛችሁ ማለት ነው።»

ቴክላ ምስጢሩን አጥብቃ ይዛ ለቢያርኒ ብቻ ነገረችው፤ ቢያርኒ ስለማይሰማ ጮክ ብላ ነገረችው፤ ከዚያ ለእህቷ፣ ለእህቷ አማት፣ ለቄሱ፣ ለወተት መኪናው ሾፌር። እሷም ራሷ ገብታ፣ ሃምሳውን ሴኮንድ አፏን ከፍታ ጠብቃ፣ ሦስቱ አጭር ጥሪ ሲጮህ «እማዬ!» ብላ ከወንበሯ ተነሣች። የስካርድን ጥሪ ከሰማች አርባ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሸለቆው ያልተነገረ ሰው አልነበረም። አንዱ ጥሪውን ይሰማና ለወንድሙ ይደውላል፤ ወንድሙ ይገባና ለልጆቹ ያሰማል። ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ ስድስት። ሳልቮር ሹራቧን እጇ ላይ አድርጋ አንድ ዙር እንኳ ሳትሠራ ቁጥሩ ላይ አፍጥጣ ዋለች።

ዓርብ ቀትር ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ቁጥሩ ሰባ ሰባት ላይ ቆመ። ቆመ ስላችሁ በቃ ቆመ። ኤይቪንዱር የአዳራሹን መዝገብ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጥ ቤቷ ገባ። ፊቱ ጨፍገግ ብሏል።

«ሰባ ሰባት» አለ አጎንብሶ አይቶ። «ይቅርታ ሳላ፣ ሰማንያ ብያለሁ፣ ለጋላቢዎቹም ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ገና አሥር ደቂቃ አለኝ። ክላይና ብላ» አለችና በዘይት የተጠበሰውን ጥምዝ ብስኩት አቀረበችለት። ቀና ብላም አየችው። «አንተ ግን የሆልት እርሻ ልጅ አይደለህም እንዴ? ሰማያዊ ነህ እኮ! ለምን አልተመዘገብክም?»

«እኔ አዳራሹን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። መመዝገብ ምን ያደርግልኛል?»

«ስምህን አስገባ። ለሙከራ።»

«ለሙከራ ብቻ» አለና በሁለት ጣት ጻፈ። ተጫነ። መልእክቱ መጣ። ሊነሣ ሲል ሳልቮር ትከሻውን ይዛ መለሰችው። አያቶቹ ሰላም ሲሉት ፈገግ አለ። ሳልቮር መነጽሯን ልታደርግ ስትሄድ ሳቀ። ሃምራር በር ላይ ሲደርስ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለ። ከዚያ ጥሪው ጮኸ፤ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር።

ኤይቪንዱር ግማሽ ክላይና አፉ ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀረ። «አባቴ ከጋጣ በሩጫ ሲመጣ ይታየኛል» አለ። «በቡት ጫማው። እናቴ ወለሉን አበላሸህ ብላ ስትጮህበት።» ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና አንገቱን ደፍቶ «እመጣለሁ» የሚለውን ተጫነ። ሰባ ስምንት። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ እናቱ ጋ ደወለ። «እማ፣ ይሄን ስሚ! እህቴ አጠገብሽ ናት? ሁለታችሁም ግቡ፣ አሁኑኑ፣ እንዳትዘጊ ደሞ!»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ቀትር ሆነ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሳልቮር ስልክ ላይ ካለችው እናቱ ጋር አብራ አሥሩን አሥሩን ሴኮንድ ትቆጥራለች። እንዲያ ሰውን ስታስጠብቅ የኖረች ሴት አሁን ጠባቂዋ እሷ ሆነች። ሁለት ደቂቃ አለፈ። ሰባ ዘጠኝ አለ። ቀጠለና ሰማንያ።

«አልፏል» አለች ሳልቮር ቀስ ብላ፣ ወደ ግድግዳው እያየች።

ኤይቪንዱር የእጅ ሰዓቱን አየ፣ ወደ ጆሮው አስጠጋ፣ ነቀነቀው። «የኔው አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል» አለ። «ጋላቢዎቹ ደሞ ሜዳ ላይ ይደንሱ፣ ፈረስ ምን አዳራሽ ያስፈልገዋል!» ሳልቮር አቅፋ ሳመችው።

በሐምሌው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ተገኘ። ቶርጊልስ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ሁሉም ዘጠኝ ቀለም ሆኖ ቆመ። እሱ ግን ማልቀስ አይደለም ያሰበው፤ እየዞረ፣ ስማቸውን እየጠየቀ መፈተን ጀመረ። «አንቺ መጋቢት ሁለት! አንተ መንታ ነህ፣ የታለ ሌላው? አንተ ደሞ ሙት ብዬ ጽፌህ ነበር፣ ይቅርታ አድርግልኝ!» ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ኮልፊና ከሬይክያቪክ ስትመጣ ፊቷ ፈክቶ ነበር። «ዘመዴ ቶርጊልስ፣ እማ፣ ጨርሼዋለሁ! ካርዶቹን እንደ አዲስ አደራጀኋቸው። አሁን አራት ሴኮንድ ብቻ ነው የሚፈጅበት!» በትልቁ መጋረጃ ላይ የአንዱን ስም አስገብታ አሳየች። እውነትም ብልጭ ብሎ ወጣ። ሳልቮር «እንዳትዘጉ» ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘችም።

ጭብጨባ ይጠበቅ ነበር። ሰው ግን እርስ በርሱ ተያየ። «ሳላ የት ሄደች?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ቶርጊልስ ቅንድቡን ሰብሰብ አደረገ።

«ስንት አልሽ?»

«አራት ሴኮንድ» አለች ኮልፊና፣ አሁን ድምፅዋ ሳስቶ።

«ሃምሳ ዓመት የለፋሁበትን በአራት ሴኮንድ?» አለ ሽማግሌው። «አይሆንም! ሃምሳዬን መልሺልኝ። ለአንድ ዓመት አንድ ሴኮንድ፣ በዛ?»

ኮልፊና እናቷን አየች። እናቷ ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ዓይኗ ግን በሳቅ ሞልቷል። ምን ይደረግ፣ ልጅቷ የሳምንታት ሥራዋን በአንድ ቁልፍ አጥፍታ የድሮውን መለሰችው። የቶርጊልስን ስም ራሷ አስገባችለት፤ እሱ የሰውን ሁሉ ጽፎ የራሱን አስገብቶ አያውቅም። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ሽቦው ላይ ቆየ። አያቶቹ ሰላም አሉት። ሳልቮር መነጽሯን አደረገች። «አሁንም እዚሁ ነኝ» ሲል መጋረጃው፣ ሳልቮርም ከወንበሩ ጀርባ ሆና እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ሃምራር በር ላይ ተደረሰ።

ከዚያ የቱንጋ ጥሪ ጮኸ፤ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር።

ቶርጊልስ ሳያስበው እጁን ወደ ጆሮው አነሣ። «ሃሎ?» አለ።

«ሃሎ!» አለ አዳራሹ በሙሉ፣ በአንድ አፍ።

ሽማግሌው ወንበሩን አዙሮ አንድ በአንድ አያቸው። «ሁላችሁም እያደመጣችሁ ነበር ማለት ነው?»

«መቼ አቁመን እናውቃለን!» አለች ቴክላ።